ለጆሮ የማይደርስ ማስታወቂያ

በሰሜን ሸዋ ዞን በግሼ ወረዳ የምትገኘውን ራቤልን በምሳሌነት እንውሰድ። ከተማዋ ከዞኑ ርእሰ ከተማ ከደብረ ብርሃን ሩቅ፣ አገሩም ደጋ በመሆኑ፣ የመንግሥት ጉዳይ ያለበት ሰው ጊዜውንም ጉልበቱንም የመጓጓዣ ገንዘቡንም መክፈል ግድ ይለዋል። ኢንተርኔት ወደ ወረዳዎች ሲዘልቅ ይዞት ከመጣው ተስፋ አንዱ ይህንን ርቀት ማሳጠር ነበር። እንግዲህ ከዚያው አካባቢ ተወልዶ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ አንድ ዐይነ ስውር ወጣት አለ እንበል። አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት የቅጥር ማስታወቂያ በድረ ገጽ ማውጣቱን ሰምቶ ስልኩን ከፍቶ ገጹን ያስነብባል። ስልኩም «ምስል» ይልና ዝም ይላል። የሥራ መደቡ፣ የደመወዙ መጠን፣ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ሁሉ ለዐይናማው ፍንትው ብለው ይታያሉ፤ ለእርሱ ግን የሉም። የሚያነብለት ሰው እስኪያገኝ ድረስ የምዝገባው ቀን ሊያልፍበት ይችላል።

ወጣቱን ለምሳሌ ያህል ፈጠርነው እንጂ ችግሩ ምናባዊ አይደለም። መንስኤውን ለመረዳት ኮምፒውተር ጽሑፍን እንዴት እንደሚይዝ ማወቅ ይጠቅማል።

ዐይነ ስውራን ኮምፒውተርና ስልክ የሚጠቀሙት ስክሪን ሪደር በተባለ፣ ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ሶፍትዌር አማካይነት ነው። አሜሪካዊው ቴድ ሄንተር ያበለጸገውና እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጆውስ፣ እንዲሁም አውስትራሊያዊው ማይክል ከረን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረውና በነፃ የሚታደለው ኤንቪዲኤ በሰፊው የታወቁ ናቸው። ሁለቱም ፈጣሪዎች ራሳቸው ዐይነ ስውራን መሆናቸውን ልብ ይሏል። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ደግሞ ቶክባክ ይገኛል። እነዚህ ሶፍትዌሮች በመሠረቱ ገጹን እንደ እኛ «አያዩትም»፤ የሚያነቡት ከፊደሎቹ በስተጀርባ የተቀመጡትን ቁጥሮች ነው።

ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥርን እንጂ ፊደልን አይደለም። «ራቤል» የሚለው ቃል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት መሠረት 4651፣ 4708 እና 4621 ነው። ስክሪን ሪደሩ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ሲያገኝ ራ፣ ቤ፣ ል መሆናቸውን ዐውቆ ድምፅ ይሰጣቸዋል። ይኸው ቃል በወረቀት ታትሞ በስካነር ሲነሳ ግን ቁጥሮቹ ይጠፋሉ። አንድ ኤ4 ወረቀት በኢንች 300 ነጠብጣብ ጥራት ሲነሳ ወደ 8.7 ሚሊዮን የሚጠጉ የቀለም ነጠብጣቦች ይወጡታል። ከእነዚህ መካከል የትኛው የ«ራ» እግር፣ የትኛው የማኅተሙ ጠርዝ እንደሆነ የሚናገር ምልክት የለም። በእርግጥ ከምስል ላይ ፊደል የሚለቅሙ ፕሮግራሞች አሉ፤ ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛንም ያነባል። ዳሩ ግን ጠማማ ፎቶግራፍ፣ የደበዘዘ ቀለምና በጽሑፉ ላይ ያረፈ ክብ ማኅተም ሲገጥሙት ይሳሳታል፤ የምዝገባ ቀን ላይ ደግሞ የአንድ አኃዝ ስሕተት እንኳ ብዙ ታስከፍላለች።

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ማስታወቂያው መጀመሪያ የተጻፈው በኮምፒውተር መሆኑ ነው። ጸሐፊዋ ስትተይበው ቁጥሮቹ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ። ከዚያ ይታተማል፣ ይፈረምበታል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ በመጨረሻም ድረ ገጽ ላይ ወይም በፌስቡክና በቴሌግራም ይለጠፋል። ለጆሮ ዝግጁ የነበረው ጽሑፍ ለማኅተሙ ሲባል ወደ ሥዕል ተለወጠ ማለት ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ልማድ ለማኅተሙም ክብር አይጨምርም። በወረቀት ላይ ያረፈ ማኅተም ማረጋገጫ ሊሆን ይችላል፤ የማኅተም ፎቶግራፍ ግን ማንም ቆርጦ ሊለጥፈው የሚችል ምስል ነው። በድረ ገጽ ላይ የወጣ ጽሑፍ እውነተኛነት የሚታወቀው በማኅተሙ ሥዕል ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ትክክለኛ ገጽ ላይ በመገኘቱ ነው።

የፊደላችን ታሪክም ለችግሩ የራሱን ድርሻ አበርክቷል። ግእዝ በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የላቲን ፊደላትን የቁጥር ቦታ ተውሰው በእያንዳንዱ ላይ የግእዝ ፊደል ቅርጽ ይሥሉበት ነበር፤ አደላደላቸውም እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል። በእነዚያ የተጻፈ ሰነድ ለዐይን አማርኛ ሲሆን ለስክሪን ሪደር ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ክምር ነው። እንዲህ ያለውን አሮጌ ሰነድ ወደ ዩኒኮድ ሳይቀይሩ መጫን ምስል ከመለጠፍ ብዙም አይሻልም።

ጽሑፉ በጽሑፍነቱ ቢቀመጥ ዐይናማውም ይጠቀማል። አንድ የግእዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ይፈጃል፤ 1,500 ፊደል ያለው ገጽ 4,500 ባይት ያህል ይሆናል። በሰከንድ 100 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ ደካማ መስመር ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። አንድ ሜጋባይት የሆነው የዚያው ገጽ ፎቶግራፍ ግን በዚሁ መስመር 80 ሰከንድ ይወስዳል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ደጋ ላይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ከቁጥር ወደ ድምፅ የሚደረገው ጉዞ ለፊዚክስ ተማሪ ማራኪ ነው። ስንናገር የድምፅ አውታሮቻችን ይርገበገባሉ፤ አፋችን ደግሞ እንደ ዋሽንት ክፍተት የተወሰኑ ድግግሞሾችን ያጎላል። የአንድ ጎልማሳ ወንድ «ኢ» 300 ኸርዝና 2,300 ኸርዝ አካባቢ፣ «ኣ» ደግሞ 700 ኸርዝና 1,100 ኸርዝ አካባቢ ጎልቶ ይሰማል። አማርኛንም የሚያነበው ኢስፒክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም እነዚህን ጉልላቶች በስሌት ይፈጥራል። ድምፁ የብረት ቃና ቢኖረውም ሲፈጥን አይደበላለቅም፤ የለመዱ ዐይነ ስውራን ከተራ ንግግር እጅግ በፈጠነ ፍጥነት ያዳምጡታል። አማርኛ ግን የራሱ ፈተና አለው፤ ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አይለይም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «እስካሁን አልሆነም» ለማለት ነው? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? አንባቢ ከዐውዱ ይረዳዋል፤ ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ አይረዳውም። «መ/ቤት» እና «ት/ቤት» የመሳሰሉ አሕጽሮቶችም ያደናቅፉታል። ስለዚህ ቃሉን ዘርግቶ መጻፍ ለአድማጩ ትልቅ ውለታ ነው።

ጉዳዩ የዐይነ ስውራን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ የዐይን ጤና ጥናት መሠረት፣ ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዐይነ ስውር ሲሆን ዝቅተኛ የማየት አቅም ያለው ግን 3.7 በመቶ፣ ማለትም ከእጥፍ በላይ ነበር። ለእነዚህ ወገኖች ወሳኙ ነገር በፊደሉና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ነው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ያወጣው ዓለም አቀፉ የዌብ ማኅበር የሁለቱ ንጽጽር ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ይመክራል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው። በሰንደቅ ዓላማችን ቀለማት ማጌጥ የተለመደ ነውና እነርሱንም እናስላ፦ ደማቅ ቢጫ በነጭ ላይ 1.07 ለ1፣ ደማቅ ቀይ በደማቅ አረንጓዴ ላይ 2.9 ለ1 ብቻ ነው። ምክንያቱም የሰው ዐይን ብርሃንነትን በአብዛኛው ከአረንጓዴው ጨረር ይቀበላል፤ ቢጫ ደግሞ የአረንጓዴና የቀይ ድምር በመሆኑ ከነጭ ብዙም አያንስም። ቀለማቱ በገጹ ዳርቻ ያምራሉ፤ ፊደል ሲሆኑ ግን ይሰወራሉ።

መስማት ለተሳናቸው ደግሞ በተቃራኒው የቪዲዮ መግለጫ ከሥሩ ጽሑፍ ያስፈልገዋል።

የሕጉ መሠረት አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 ተደራሽነትን ከሕንፃና ከመንገድ አልፎ እስከ ኢንተርኔት ያደርሰዋል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ወጥቷል። ሊነበብ ያልቻለ የቅጥር ማስታወቂያ የዚህን አዋጅ በር ገና ከመግቢያው እንደሚዘጋ ግልጽ ነው። «ወጪው ይበዛል» የሚለው መልስ በሌላ አገርም ተሞክሯል። አውስትራሊያዊው ዐይነ ስውር ብሩስ ማጓየር የሲድኒ ኦሊምፒክን ድረ ገጽ ማንበብ ባለመቻሉ አዘጋጁን ከሰሰ፤ አዘጋጁም ማስተካከሉ ከባድ ሸክም እንደሆነ ተከራከረ። የአገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ግን ክርክሩን ሳይቀበል ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ለማጓየር 20,000 የአውስትራሊያ ዶላር ካሳ ወሰነ።

ለወረዳ መሥሪያ ቤት ወጪው ከዚያም ያንሳል። ጸሐፊዋ የተየበችውን ጽሑፍ ቀድቶ ከፎቶግራፉ ሥር መለጠፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የማመልከቻ ቅጽ ካለም እያንዳንዱ ባዶ ሣጥን «ስም»፣ «የትውልድ ቀን» የሚል መጠሪያ በኮዱ ውስጥ ሊሰጠው ይገባል፤ ያለዚያ ስክሪን ሪደሩ «መጻፊያ» እያለ ብቻ ይደጋግማል። አንባቢያችንም የሚያውቀውን ማንኛውንም የመንግሥት ገጽ ሊፈትን ይችላል። በማስታወቂያው ላይ ጣትን ወይም ማውዝን አሳርፎ አንድ ቃል ለመምረጥ መሞከር ይበቃል። ቃሉ ተለይቶ ከደመቀ ጽሑፍ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ገጹ በሙሉ ከሆነ ግን ሥዕል ነው። ቀጥሎ ማውዙን ነቅሎ በኪቦርድ ብቻ ከገጹ አናት እስከ ቅጹ መላኪያ ድረስ መሄድ ይቻል እንደሆነ ማየት ነው። የተገኘውን ጉድለት በአንድ ገጽ ጽፎ፣ በዩኒኮድ፣ ለመሥሪያ ቤቱ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ መላክ የሚቀጥለው እርምጃ ይሆናል።