ቋጠሮ የማይታመንበት ሐይቅ

ሹክ ልበላችሁ። ላንጋኖ ላይ ባለሸራ ጀልባ የሚያሰናዳ ሰው ለሸራው ማማር ብዙም አይጨነቅም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ የሚያሳስበው የገመዱ ጫፍ ነው፤ ሸራውን ምሰሶው ላይ የሚይዘው፣ ጀልባዋንም ከመልሕቋ የሚያገናኘው እሱ ነዋ። ተቋጥሮ ካገኘው ይፈታዋል። ቋጠሮ ገመዱን በጠባቡ ስለሚያጥፈው ከጉልበቱ ሲሶውን፣ አንዳንዴም ግማሹን ይበላበታል። ጫፉ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ ፈትሎቹ እዚያው ገመዱ ውስጥ ተሸርበው የተሠራ ቀለበት ግን፣ እጁ በተፍታታ ሰው ከተሠራ፣ ከመቶ 90 ያህሉን ይዞ ይቀራል።

ጣጣው የሚጀምረው ገመድ ሲገዛ ነው። አዳማ ገበያ ገብታችሁ «ናይለን» ስትሉ ፖሊፕሮፒሊን ሊሰጣችሁ ይችላል፤ በገበያው ቋንቋ ሁለቱም ናይለን ናቸው። ቁራጩን ባልዲ ውኃ ውስጥ ጣሉት። ከተንሳፈፈ ናይለን አይደለም፣ ከሰመጠ ፖሊፕሮፒሊን አይደለም። የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ፖሊፕሮፒሊንን ቶሎ ታደርቀዋለች፤ በአውራ ጣት ስታሹት ብናኝ ካራገፈ ለጀልባ አትመኑት። እውነተኛው ናይለን ይለጠጣል፣ ስለዚህ ለመልሕቅ ይሆናል። ሸራ መሳቢያው ግን መለጠጥ የለበትም፤ ለእሱ ፖሊስተር ፈልጉ።

አሁን ወደ እጁ ሥራ። ባለ ሦስት ፈትል፣ 12 ሚሊ ሜትር ገመድ ያዙ። ጫፉን ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ፍቱና የየፈትሉን ጫፍ በፕላስተር ጠቅልሉ፤ አለዚያ ይበተናል። መሣሪያው ከቤት አይጠፋም፤ ሰፌድ የሚሰፋበት ወስፌ ለቀጭን ገመድ ይበቃል። ለወፍራሙ ጫፉ የተሞረደ ጠንካራ እንጨት ይሻላል። ቀለበቱን በሚፈለገው ስፋት አጥፉና መካከለኛውን ፈትል፣ ከጥምዙ አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ከገመዱ አንድ ፈትል ሥር አሹልኩት። የግራው ፈትል ይከተላል፤ መካከለኛው የገባበትን ተሻግሮ በሚቀጥለው ሥር ይገባል።

ጀማሪ የሚሳሳተው ሦስተኛው ላይ ነው። ገመዱን ገልብጡት፤ አንድ ያልተነካ ፈትል ይታያችኋል። ሦስተኛው የሚገባው በእሱ ሥር ነው፤ አቅጣጫውም እንደ ሁለቱ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ብዙዎች በተቃራኒው ያሾልኩትና ቀለበቱ ጠማማ ይወጣል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ሦስቱም ፈትሎች በአንድ ቁመት ላይ፣ በሦስት የተለያዩ ክፍተቶች መውጣት አለባቸው። ሁለቱ በአንድ ክፍተት ከወጡ ፍቱትና እንደገና ጀምሩ፤ ገመዱ ይቅር አይላችሁም።

ከዚያ በኋላ የቀረው አንዱን እያለፉ በሚቀጥለው ሥር ማሾለክ ነው። ለቃጫ ገመድ ሦስት ዙር ይበቃል። ናይለን ስለሚያንሸራትት አምስት ይፈልጋል፤ ሁለቱን ዙር ቆጥቦ በሦስት የሚያቆም ሠራተኛ ካያችሁ ሥራውን አትቀበሉት። ቀለበቱ ከብረት ጋር የሚታሽ ከሆነም ውስጡ ዙሪያው ቦይ ያለው ብረት ይግባለት።

ባቱ ላይ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች፣ ወደ ቱሉ ጉዶም ሆነ ወደ ሌሎቹ፣ ሰው የምታሻግሩ ባለ ጀልባዎች፦ ሸራ ባይኖራችሁም ገመድ አላችሁ። የማሰሪያችሁን ጫፍ ዛሬውኑ እዩት። ተቋጥሮ ከሆነ ፍቱትና በአምስት ዙር ሥሩት።