የተቀመጠው ጸሐፊና ተላኪው ልጅ

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ምን አገባው?» እንደምትሉኝ አላጣሁትም። ግን እኮ ጽሑፋችንን የምናዘጋጅበት መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የሙያችን አንድ ክፍል ነው። ስለዚህ ለዛሬ፣ ተከፍቶ በሥራ ላይ ያለን የጽሑፍ ማዘጋጃ ከውጭ ሆኖ የሚያዝ ፕሮግራም ምን እንደሆነና እሱን መጠገንና መንከባከብ ለምን እንደሚከብድ ላስረዳችሁ።

ነገሩን በአገራችን ምሳሌ እንየው። በኛ በኑኑ ቁምባም ሆነ በነቀምቴ፣ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ቁጭ ብሏል እንበል። ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር አዲስ ጸሐፊ አይቀጠርም፤ ልጅ ተልኮ «ይቺን ጨምርልኝ» ይባላል፣ በቃ። ኢማክስ የሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃም እንዲሁ ይሠራል። ተከፍቶ የተቀመጠው ትልቁ ፕሮግራም ሰርቨር ሲባል፣ ተላኪው ትንሽ ፕሮግራም ክላየንት ይባላል። ክላየንቱ «ይህን ፋይል ክፈት፣ 40ኛው መስመር ላይ አቁም» ብሎ ይነግረዋል። ትልቁ ፕሮግራም እንደገና እስኪነሳ መጠበቅ ይቀራል፤ አንድ ፋይል በሁለት ቦታ ተከፍቶ አንዱ የሌላውን እርማት እንዳያጠፋም ይረዳል።

ሪቻርድ ስቶልማን የግኑ ኢማክስን ለሕዝብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው 20ኛው እትም የግዕዝ ፊደልን አካቷል። የመክተቢያው መሠረት ደግሞ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት «ሴራ» ነው። ስሙ ያስደነግጣል እንጂ ክፋት የለበትም፤ ፊደላችንን በላቲን ሆሄያት ለመወከል የተደረገ ስምምነት ነው።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ክላየንቱ የተጻፈው ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን ሰርቨሩ በሊስፕ ነው። ሁለቱን የሚያግባባቸው አንድ የመልእክት ስምምነት ብቻ ነው። አንዱ ወገን ተለውጦ ሌላው ከቀረ መደማመጥ የለም። ለምሳሌ በመልእክቱ ውስጥ ቃላትን የሚለየው ባዶ ቦታ ነው። እንግዲህ «የመሬት ማመልከቻ» የሚባል ፋይል ክፈት ቢባል ሰርቨሩ ሁለት ፋይል ሊመስለው ነው። ስለዚህ ክላየንቱ በባዶው ቦታ ፋንታ «&_» ብሎ ይልካል፤ ሰርቨሩ መልሶ ይፈታዋል። ራሱ «&» ደግሞ «&&» ተብሎ ይላካል።

ሌላው የፊደል ጉዳይ ነው። በዩኒኮድ፣ ዩ.ቲ.ኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ፣ የቁቤ አንድ ሆሄ አንድ ባይት ሲይዝ የኛ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ማ» ለምሳሌ 225፣ 136፣ 155 ተብላ ትላካለች። መልእክቱ ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ጊዜ አይደርስም፤ «ማ» መሐል ላይ ልትቆረጥ ትችላለች። ሰርቨሩ መስመሩ እስኪያልቅ አጠራቅሞ ካልፈታው፣ የሚወጣው ፊደል ሳይሆን ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። በኑኑ ቁምባ በቁቤም በፊደልም ይጻፋልና ነገሩ ለኛ ቅርብ ነው። ጠጋኙ በላቲን ሆሄ ብቻ ሞክሮ «ይሠራል» ቢል፣ የቁቤው ፋይል ይከፈታል፣ የአማርኛው ግን ላይከፈት ይችላል። ማመልከቻው የጠፋበት ሰውም ጥፋቱን ከራሱ ይቆጥራል።

ሦስተኛው ጥበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው 22ኛው እትም ክላየንቱ በቲ.ሲ.ፒ. በኩል፣ ማለትም በኔትወርክ መንገድ፣ እንዲላክ ፈቀደ። ያኔ «ላኪህ ማነው?» ማለት ግድ ሆነ። ስለዚህ ሰርቨሩ 64 ምልክት ያለው የምስጢር ቁልፍ በፋይል ያስቀምጣል፤ ክላየንቱም መጀመሪያ እሱን ያቀርባል። ቁልፉን ያገኘ ሰው ፋይል መክፈት ብቻ ሳይሆን ማጥፋትም ይችላል። ፋይሉን ሌላ ሰው እንዳያነበው መጠበቅም ያው የጥገናው አካል ነው።

እንግዲህ ይህ ሥራ ሲሳካ ማንም አያየውም፤ ሲበላሽ ግን ጽሑፍ ይጠፋል። ጠጋኙ ከሁለቱ ወገን አንዱን በነካ ቁጥር ሌላውን ማየት፣ ባዶ ቦታ ባለው ስም መሞከር፣ በፊደልም መሞከር አለበት። በመካከላችን ኮምፒዩተር የሚያጠኑ ጓደኞች አሉና፣ እባካችሁ ስትሞክሩ አንዲት «ማ» ጨምሩልን።