ሕፃን የተቀመጠበትን ፈረስ ማን ይምራው?

ኮልፌ ቀራንዮ ከቡራዩና ከሰበታ ጋር ስለሚዋሰን ፈረስ እዚህ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች በሰንበትና በዓመት በዓል ልጆችን በክፍያ የሚያንሸራሽሩ ባለ ፈረሶች አሉ፤ ፈረስ ያለው ዘመድ ጋ የሚሄድ ቤተሰብም ልጁን ኮርቻ ላይ ሳያስቀምጥ አይመለስም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያምንበት አንድ ነገር አለ፦ አዋቂው ራሱ ሌላ ፈረስ ላይ ወጥቶ የልጁን ፈረስ በገመድ ከጎኑ ከሳበው ከዚያ የበለጠ ጥበቃ የለም የሚል። እምነቱ ከባዶ አልተነሣም። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ ብቻውን የሚደነብረው ከጓደኛው ጋር ሲሆን ይረጋጋል። በፈረስ እሽቅድምድም ባደጉት አገሮችም ቁጡውን ተወዳዳሪ ወደ መነሻው የሚያደርሰው ልምድ ያለው ጋላቢ የተቀመጠበት ጭምት ፈረስ ነው። ይሁን እንጂ እዚያ የሚሳበው ፈረስ ላይ የተቀመጠው ጥርሱን በሙያው የነቀለ ጋላቢ እንጂ የአምስት ዓመት ልጅ አይደለም።

ነገሩን በእጅ ቁጥር ማስላት ይቀላል። ፈረስ ላይ ሆኖ ሌላ ፈረስ የሚስብ ሰው በአንድ እጁ የራሱን ዛብ፣ በሌላው የልጁን ፈረስ ገመድ ይይዛል። ልጁን የሚይዝበት ሦስተኛ እጅ የለውም። ከኋላ የሚኒባስ ጥሩምባ ጮኸ እንበል፤ ሁለቱም ፈረሶች እኩል ይደነግጣሉ፤ መረጋጋት ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ ድንጋጤም ይተላለፋል። በዚያች ቅጽበት ሰውየው የራሱን ፈረስ ሊገታ፣ የልጁን ሊይዝ፣ ልጁንም ሊደግፍ ግድ ይለዋል፤ ሦስቱን ባንዴ የሚችል የለም። በእግሩ የሚመራ ሰው ግን ያለበት አንድ ፈረስ ብቻ ነው። በፈረሱ ትከሻ በግራ በኩል ይሄዳል፤ ሌላ ሰው ደግሞ በልጁ ጭን አጠገብ ሆኖ ቢያጅብ ልጁ ማዘንበል ሲጀምር በክንዱ ይቀበለዋል። አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች ፈረስ ግልቢያን እንደ ሕክምና የሚሰጡ የውጭ ማዕከላት የሚሠሩት ይህንኑ ነው፦ አንድ መሪ፣ በግራና በቀኝ አጃቢ፣ ሁሉም በእግራቸው።

«ፈረሱ እኮ ትንሽ ነው፣ ምን ያደርገዋል?» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት መለኪያ ያለ ጫማ ቁመቱ ከ148 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ፈረስ ከድንክዬዎቹ ይመደባል፤ በዚህ ሚዛን አብዛኛው ያገራችን ፈረስ ድንክዬ ነው። ዐድዋ የዘመተውም ይኸው ነው፤ ስለዚህ ማነስ ጭምትነት አይደለም። ሁለት መቶ ኪሎ ግድም የሚመዝን እንስሳ ከልጁ አሥር እጥፍ ይከብዳል። የልጁ ራስ ከመሬት አንድ ሜትር ከሰማንያ ያህል ከፍ ይላል፤ ከዚያ ከፍታ የወደቀ ነገር መሬት የሚመታው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ግድም ፍጥነት ነው፤ አስፋልትና ኮብልስቶን ደግሞ እንደ ሣር መስክ አይራሩም። ጠባይን የሚወስነው ቁመት ሳይሆን ዕድሜ፣ ሥልጠናና ጾታ ነው። በዕድሜ የጠና ሰንጋ ፈረስ ለልጅ ይመረጣል። ድንጉላን ከባዝራ ጎን አሰልፎ ልጅ ማስቀመጥ ግን፣ የፈረሶቹ ቁመት ምንም ይሁን ምን፣ አደጋን መጥራት ነው።

ፈረስ ላይ ሆኖ መሳብ ይበቃል ከሚለው እምነት የሚወለዱ ሌሎች ልማዶችም አሉ፤ ሁሉም ሦስተኛውን እጅ ለመተካት የሚደረጉ ሙከራዎች ናቸው። አንዱ ልጁን በነጠላ ከኮርቻው ጋር ማሰር ነው። ፈረሱ ቢወድቅ ወይም ኮርቻው ቢዞር የታሰረ ልጅ ከሥሩ ይውላል፤ መውደቅ ክፉ ነው፣ መውደቅ አለመቻል ግን ይብሳል። ሌላው ገመዱን እጅ ላይ መጠምጠም ወይም ከራስ ኮርቻ ጋር መቋጠር ነው፤ ፈረሱ ሲፈተለክ ጣት የሚቆረጠው፣ ሁለቱም ፈረሶች ተጠላልፈው የሚወድቁት እንዲህ ነው። የእርካቡ ጠፍር ለልጁ ስለሚረዝም እግሩን ጠፍሩ ውስጥ ማስገባትም የተለመደ ነው። ልጁ ቢወድቅ እግሩ ተይዞ ይጎተታል። ጠፍሩ ካላጠረ እግሩ ተንጠልጥሎ ቢቀር ይሻላል። ዛቡንም ለልጁ እንደ መደገፊያ መስጠት ልጓሙን በፈረሱ አፍ ውስጥ ማስጎተት ስለሆነ የኮርቻውን ፊት ይያዝ። ቆብ ደግሞ ለጌጥ አይደለም፤ የግልቢያው ከጠፋ የብስክሌቱም ከባዶ ራስ ይሻላል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከታሪክ ይመጣል፦ አባቶቻችን በፈረስ ላይ አደጉ፣ ቆብም አጃቢም አላወቁም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር ለሚያይ ሰው ይህ ክርክር ከባድ ነው። ነገር ግን የገጠር ልጅ ፈረስ የሚለምደው በሰንበት ለሩብ ሰዓት አይደለም። ሲያግድ፣ ውኃ ሲያጠጣ፣ ያለ ኮርቻ ሲወጣና ሲወርድ የፈረሱን ጆሮና ጅራት ማንበብ ይማራል፤ የሚወድቀውም መስክ ላይ ነው፣ መኪናም የለም። ደግሞም የሚተርኩልን ተርፈው ያደጉት ናቸው፤ ያልተረፉት ምስክር ሆነው አይቀርቡም። ባህሉን የምንጠቅስ ከሆነ ሥልጠናውንም አብረን እንጥቀስ።

ይህ ማለት በፈረስ ላይ ሆኖ የልጅን ፈረስ መሳብ ፈጽሞ አይገባም ማለት አይደለም። ልጁ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከቻለ፣ ሁለቱ ፈረሶች ከተላመዱ፣ ሰውየውም የራሱን ፈረስ በአንድ እጅ ብቻ ማዘዝ የሚችል ከሆነ፣ በመስክ ላይ በሶምሶማ ሳይሆን በእርምጃ ይቻላል። የልጁ ፈረስ በቀኝ ይሁን፣ ራሱም ከመሪው ጉልበት ትይዩ። ወደ ኋላ ከቀረ ከመሪው ፈረስ ርግጫ ይደርሰዋል፤ በጣም ከተጠጋ የልጁ እግር በሁለቱ መካከል ይጨፈለቃል። ገመዱ ከልጓሙ ሳይሆን ከልባቡ ይታሰር። በእኛ አገር መኪና በቀኝ ስለሚነዳ፣ በመንገዱ ቀኝ ዳር መሄድ ግድ ቢሆን እንኳ በዚህ አሰላለፍ አዋቂው በመኪናውና በልጁ መካከል ይሆናል። በግራ የሚስብ ሰው ልጁን ለመኪና እየሰጠ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ኮርቻ ላይ ለሚወጣ ሕፃን ግን ፍርዱ አንድ ነው፤ መሪው መሬት ላይ ይሁን። ልጅዎን ይዘው ሲሄዱ ባለ ፈረሱ እሱም ሌላ ፈረስ ላይ ሊወጣ ካሰበ «በእግርህ ምራው፣ እኔም በጎኑ እሄዳለሁ» ይበሉት። እምቢ ካለ ልጁን አውርደው ሌላ ባለ ፈረስ ይፈልጉ።