አእምሮ በአንድ ጊዜ ስንት ይይዛል?

እስቲ ወረቀት ሳትነኩ 48ን በ7 አባዙ። አብዛኛው ሰው 40 ሲባዛ በ7 ብሎ ይጀምርና 280 ያገኛል። 280ን «ቆይ» ብሎ ያስቀምጥና 8 ሲባዛ በ7 ይላል፤ 56። ከዚያ ያቆየውን 280 መልሶ ይጠራና 56 ይደምርበታል፤ 336። የዛሬው ጽሑፌ ባለጉዳይ ያቺ 280ን «ቆይ» ያላችሁባት ቦታ ናት። የሥነ ልቦና ሰዎች «ወርኪንግ ሜሞሪ» ይሏታል፤ የሥራ ትውስታ ልንላት እንችላለን። ነገርን የምናቆይባት ብቻ ሳትሆን፣ እያቆየን የምንሠራባትም ናት።

አሁን ደግሞ ይህንኑ ስሌት ማባዣውን በቃሉ ላልያዘ ልጅ ስጡት። 280 ድረስ ምንም አይለውም። 8 ሲባዛ በ7 ላይ ሲደርስ ግን ጣቱን ያነሳል፤ ስምንት፣ አሥራ ስድስት፣ ሃያ አራት እያለ ይቆጥራል። 56 ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ «ቅድም ስንት ነበር?» ይላል። ይህ ልጅ ማባዛት አልጠፋበትም። የጠፋበት ሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። እኛ ግን «ቀለም አይገባውም» ብለን ፋይሉን እንዘጋለን።

መሠረታዊው ነገር በአጭሩ ያልቃል፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1956 አሜሪካዊው ጆርጅ ሚለር፣ ሰው አንዴ ሰምቶ ሊደግመው የሚችለው ሰባት ያህል ነገር ነው፣ ቢበዛ ሁለት ይጨምር ቢያንስ ሁለት ይቀንስ እንደሆነ ነው ብሎ ጻፈ። በ1959 ሎይድና ማርጋሬት ፒተርሰን ሦስት ፊደል ብቻ አሰምተው፣ ሰሚው በሆዱ እንዳይደግመው ከአንድ ቁጥር ሦስት ሦስት እየቀነሰ እንዲቆጥር አደረጉ፤ 18 ሰከንድ ሳይሞላ ፊደሎቹ ከሞላ ጎደል ጠፉ። በ1974 እንግሊዛውያኑ አለን ባድሌይና ግራሃም ሂች ቦታዋ ክፍሎች እንዳሏት አሳዩ፤ ድምፅ የሚይዝ አለ፣ ምስልና አቀማመጥ የሚይዝ አለ፣ ሁለቱን የሚያዝም አለ። በ2001 ኔልሰን ኮዋን ማስረጃውን ሁሉ መርምሮ፣ ሰው በሆዱ እንዳይደግምና እንዳያቧድን ከተደረገ ትክክለኛው ቁጥር ወደ አራት ይጠጋል አለ። አራት! የተማረውም ያልተማረውም ይህችን ይዞ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ድምፅ ስለሚይዘው ክፍል ትንሽ ልቆይ። በ1975 ባድሌይና ባልደረቦቹ እንዳገኙት፣ ሰው በቃሉ የሚይዘው በሁለት ሰከንድ ገደማ ተናግሮ የሚጨርሰውን ያህል ነው። ረጃጅም ቃላት ከሆኑ ጥቂት፣ አጫጭር ከሆኑ ብዙ ይይዛል። ታዲያ የቁጥር ስም በየቋንቋው አንድ ዓይነት ርዝመት የለውም። በ1980 በዌልስ የተደረገ ጥናት የዌልስ ቋንቋ ቁጥሮች ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለመጥራት ጊዜ እንደሚወስዱ አሳየ። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁ ተማሪዎች በዌልስኛ የሚይዙት ቁጥር አንሶ ተገኘ፤ በሆዳቸው እንዳይደግሙ ሲከለከሉ ግን ልዩነቱ ጠፋ። በ1986 እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽ፣ ዕብራይስጥና አረብኛ ሲነጻጸሩም ነገሩ ያው ሆነ። ስለዚህ አንድን ፈተና ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ገልብጦ የልጆችን ጭንቅላት በቁጥር ብዛት የሚያወዳድር ሰው እባክህ ረጋ በል ሊባል ይገባዋል። «ሰባት»፣ «ስምንት»፣ «ዘጠኝ» በአንድ ትንፋሽ ተፍ የሚባሉ ቃላት አይደሉም። ስልክ ቁጥር ስንነግር «ዜሮ ዘጠኝ፣ አንድ፣ አንድ» እያልን ከመዘርዘር «ዜሮ ዘጠኝ አሥራ አንድ» ማለት የሚቀናንም በሁለት በሁለት ስናስረው ለመያዝ ስለሚቀል ነው።

ይህ ክፍል ለስልክ ቁጥር ብቻ የተሰጠ አይደለም። በ1988 ባድሌይ ከጣሊያናውያኑ ኮስታንዛ ፓፓኞና ጁሴፔ ቫላር ጋር አንዲት ጣሊያናዊት ታማሚ አጠና። በአእምሮዋ ላይ በደረሰ ጉዳት የሰማችውን ቁጥር ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ መድገም አትችልም ነበር፤ በተረፈ ወሬዋም ኑሮዋም ደህና ነው። ሁለት የምታውቃቸውን የጣሊያንኛ ቃላት አያይዛ እንድትይዝ ሲሰጣት እንደማንም ሰው ያዘች። አዲስ የሩሲያ ቃል ከጣሊያንኛ ፍቺው ጋር ሲሰጣት ግን ደጋግመው ቢያሰሟት አልያዝ አላት። የማናውቀው ቃል መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነው፤ ትርጉም ይዞት እስኪቀመጥ ድረስ እዚያች የሁለት ሰከንድ ቦታ ላይ መቆየት አለበት። በሪያድ ወይም በቤይሩት ሰው ቤት እየሠራች አረብኛን በጆሮዋ የለመደች እህታችን ቃሉን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትደጋግም የምትሠራው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልምጣ። ለዚህ ታሪክ ስል ሌላውን ባሳጥር አይቆጨኝም፤ በትምህርት ዙሪያ ያለውን ትልቁን የተሳሳተ እምነት የሚያፈርሰው እሱ ነውና። እምነቱ ይህ ነው፦ ትውስታ እንደ ጡንቻ ነው፣ ባሠሩት ቁጥር ይፋፋል፣ የፋፋ እንደሆነ ለሁሉም ነገር ያገለግላል።

በ1970ዎቹ መጨረሻ በፒትስበርግ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አንደርሽ ኤሪክሰንና ዊልያም ቼዝ አንድ ተማሪ ይቀጥራሉ። በጽሑፋቸው «ኤስ ኤፍ» ይሉታል። የትውስታ ችሎታው እንደማንኛውም የኮሌጅ ተማሪ ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ በየሰከንዱ አንድ ቁጥር ይነበብለታል፣ ሲያልቅ በቅደም ተከተል ይደግማል። ካልተሳሳተ በሚቀጥለው ዙር አንድ ቁጥር ይጨመራል፤ ከተሳሳተ አንድ ይቀነሳል። ሲጀምር የያዘው ሰባት ያህል ነበር። በ20 ወር ውስጥ ከ230 ሰዓት በላይ ተለማመደ። ሲጨርስ 79 ቁጥር ደረሰ። እደግመዋለሁ፦ ሰባ ዘጠኝ ቁጥር፣ በሰከንድ አንድ እየተነበበለት፣ ያለ ወረቀት።

እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው «አያችሁ፣ ጡንቻው ፋፋ!» ይላል። አጥኚዎቹ ግን አላቆሙም። በቁጥር ፋንታ ፊደል አነበቡለት። ያ 79 ቁጥር የሚያንበለብለው ልጅ ወደ ስድስት ፊደል ወረደ። ያ ሁሉ ሰዓት ልምምድ የያዘበትን ቦታ አንዲት ጋት አላሰፋውም።

ታዲያ 79ኙን ምን ላይ አስቀመጣቸው? ኤስ ኤፍ ሯጭ ነበር። 3፣ 4፣ 9፣ 2 ሲባል የሚሰማው አራት ቁጥር አይደለም፤ 3 ደቂቃ ከ49.2 ሰከንድ፣ ለአንድ ማይል ክብረ ወሰን የቀረበ ሰዓት ነው። የሩጫ ሰዓት የማይሆኑትን ደግሞ የሰው ዕድሜ ያደርጋቸዋል። ሦስቱን አራቱን ቁጥር በአንድ ያስርና፣ እስሮቹን ደግሞ በሌላ እስር ይሰበስባቸዋል።

የእኛ አንባቢ ኤስ ኤፍን ለመሆን ፒትስበርግ መሄድ አያስፈልገውም። ይህን ተመልከቱ፦ 2 0 3 5 9 2 6 1 7 5 3። አሥራ አንድ ቁጥር ነው፤ አንዴ ሰምቶ የሚደግመው ጥቂት ነው። አሁን ለሁለት እንክፈለው። 2:03:59፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 በርሊን ላይ ማራቶን የሮጠበት ሰዓት። 26:17.53፤ ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትር የገባበት። አትሌቲክስ እየተከታተለ ያደገ ሰው የሚይዘው አሥራ አንድ ነገር አይደለም፤ ኃይሌንና ቀነኒሳን፣ ሁለት ነገር ነው።

ጉሊት ላይ ያለችን ቲማቲም ሻጭ አስቡ። ያነጠፈችው ማዳበሪያ አራት ነገር ብቻ የሚያስቀምጥ ቢሆን፣ አራት ፍሬ ቲማቲም ልታስቀምጥ ትችላለች፤ አራት መደብም ልትደረድር ትችላለች። ማዳበሪያው አልሰፋም፤ የሰፋው መደቡ ነው። ሚለርም በ1956 ጽሑፉ አጥብቆ የያዘው ይህንኑ የመደብ ነገር ነበር፤ ሰዎች ግን ሰባትን ይዘው መደቡን ረሱት።

የቼዝ ተጫዋቾችም ያንኑ ይመሰክራሉ። በ1973 ያው ዊልያም ቼዝና ኸርበርት ሳይመን፣ በኋላ በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘው ሰው፣ ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ የቼዝ ሰሌዳ ለአምስት ሰከንድ እያሳዩ «ከትዝታህ ደርድረው» ብለው ነበር። ሊቁ ከሃያ ከምናምኑ ጠጠሮች አሥራ ስድስት ያህሉን በመጀመሪያ እይታ ቦታ ቦታቸው መለሰ፤ ጀማሪው አራት ያህል። ጠጠሮቹ እንዲያው በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን የሊቁ ብልጫ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ሊቁ የሚያየው መደብ ነው፤ መደብ የሌለበት ሰሌዳ ላይ ጀማሪ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ታውቆ እያለ የጡንቻው እምነት ተመልሶ መጣ። በ2008 ሱዛነ ዬጊና ባልደረቦቿ አንድ የኮምፒውተር ልምምድ ጠቅላላ የማሰብ ችሎታን ያሳድጋል የሚል ጥናት አወጡ፤ ገበያውም «አእምሮ ማጎልበቻ» በሚሉ ጨዋታዎች ተሞላ። በ2013 ሞኒካ ሜልቢ ሌርቮግና ቻርልስ ሂዩም በጉዳዩ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው መዘኑ። ልጆች በተለማመዱት ዓይነት ጨዋታ ይሻሻላሉ፤ ወደ ሂሳቡና ወደ ንባቡ ግን ጥቅሙ አይሻገርም። ለልጁ ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ጨዋታ ገዝቶ የሚጭን ወላጅ አሳቢ ነው፤ ግን ያንኑ ሰዓት ማባዣ ቢያስጠናው፣ አብሮት ታሪክ ቢያነብ ይሻለዋል። ቦታውን የሚያበረክተው እውቀት ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ሽምደዳ ይሁን ማለትህ ነው?» የሚለኝ መምህር አይጠፋም። አይደለም። ኤስ ኤፍ 79 የደረሰው ቁጥሮቹ ትርጉም ስላገኙ ነው። ፊደል ገበታ ላይ 33 ቤት በ7 ረድፍ፣ 231 ፊደል አለ። 231 የተለያየ ሥዕል ሆኖ የቀረበለት ልጅ ያለቅሳል። በሉ፣ በቡ፣ በሱ፣ በኩ ላይ ከቀኝ ጎን የምትወጣዋን ጭረት ያሳዩት ልጅ ግን ካዕብን በሙሉ በአንድ መደብ ያስረዋል፤ ከመስመር የወጡትን ጥቂቶች ለብቻ ይይዛል። በቃል መያዝም መረዳትም ያስፈልጋሉ። የአያቶቻችንን በቃል ማስያዝ እንዲሁ የሚያጣጥል ሰው፣ 8 ሲባዛ በ7ን በጣቱ የሚቆጥረውን ልጅ ሄዶ ይመልከት።

የማስተማር ዘዴን በተመለከተ ከሁሉ የጠቀመው አውስትራሊያዊው ጆን ስዌለር ነው። በ1985 ከግራሃም ኩፐር ጋር እንዳሳየው፣ አልጀብራ ለሚጀምር ተማሪ ተሠርቶ ያለቀ ጥያቄ ደረጃ በደረጃ ማሳየት፣ ጥያቄውን ወርውሮ «ፍታው» ከማለት ይሻላል። ጀማሪው ከመነሻው ወደ መድረሻው ሲዳክር ቦታው ሁሉ በመዳከሩ ይያዝና ለትምህርቱ የሚተርፍ አይኖርም። በ2003 ስላቫ ካልዩጋና ስዌለር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሌላውን ጫፍ አሳዩ፤ ተማሪው በበረታ ጊዜ ያው የተሠራ ምሳሌ ሸክም ይሆንበታል፣ ያን ጊዜ ራሱ ይፍታ።

አንድ ጊዜ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ትምህርት ስከታተል መምህርቷ እንዲህ አለች፦ «የአማርኛ ደብተራችሁን አስገቡ፣ የሂሳቡን አውጡ፣ ቀን ጻፉ፣ አንደኛውንና ሦስተኛውን ጥያቄ ሥሩ፣ ስትጨርሱ ከጎረቤታችሁ ጋር ተለዋውጣችሁ ተራረሙ።» ከፊቴ ያለው ልጅ አማርኛውን አስገባ፣ ሂሳቡን አወጣ፣ እርሳሱን አነሳ፤ ከዚያ የጎረቤቱን ደብተር ማየት ጀመረ። «አንተ፣ ጆሮህ የት ነው ያለው?» የሚል መጣበት። ጆሮው ደህና ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትዕዛዞች አንድ ሳይሳሳት ፈጽሟል። በእንግሊዝ ትሬሲ አሎዌይ፣ ሱዛን ጋዘርኮልና ባልደረቦቻቸው ከ3,000 በላይ ልጆች መርምረው የሥራ ትውስታቸው በጣም ጠባብ የሆነ 308 ልጆች ለዩ። መምህሮቻቸው ስለ እነዚህ ልጆች ሲጠየቁ የሰጡት መልስ፣ ሐሳባቸው ይበተናል፣ ልብ አይሉም የሚል ነበር።

መምህርቷን ክፉ ናት አልልም። ለእሷ ያ ሁሉ ትዕዛዝ «የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ጀምሩ» የሚል አንድ መደብ ነው፤ ስለዚህ ክብደቱ አይሰማትም። አዋቂ ሰው ሁሉ ይህ ችግር አለበት፣ አባት ልጁን ሲልክም፣ አለቃ አዲስ ሠራተኛ ሲያሠለጥንም። መድኃኒቱ ግን በጀት የሚጠይቅ አይደለም። ትዕዛዙን ሰሌዳ ላይ ጻፉት። ከአምስት ይልቅ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ስጡት። ልጁ «ቅድም ስንት ነበር?» ሲል 280 ነበር በሉትና ይቀጥል፤ ከዚያ ማባዣውን አስይዙት፣ በሚቀጥለው ጊዜ እንዳይጠይቅ። እስከዚያው ድረስ «ቀለም አይገባውም» የሚለውን ፍርድ ያዙት፤ ያልገባው ቀለሙ ይሁን ወይስ አንድ ላይ የተጫነበት ብዛት፣ አቅልላችሁ ሳታዩ ማወቅ አትችሉም።