ከዘጠና አንደኛው ቀን በኋላ

ቤተ ክርስቲያን ለወንድ ሕፃን አርባ፣ ለሴት ሕፃን ሰማንያ ቀን ቆጥራ ወደ ጥምቀት እንደምታቀርብ ሁሉ፣ መንግሥትም ለእመጫቲቱ የራሱ የሆነ የቀን ቀመር አለው፤ ይኸውም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዝዋ እንድታርፍ ሲደነግግ፣ ለአባትየው ደግሞ 3 ቀን ይፈቅዳል (ሦስቱ ቀን ለገንፎው ቅቤ ፍለጋ እንኳ እንደማይበቃ የሞከረ ያውቀዋል)። ቀድሞ ከወሊድ በኋላ የነበረው ዕረፍት 60 ቀን ብቻ ስለ ነበር፣ የተጨመረው ወር ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ከዘጠና አንደኛው ቀን ጀምሮ ሕፃኑ ለመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት እስኪደርስ፣ ማለት እስከ አራት ዓመት ገደማ፣ ማን ይይዘዋል ለሚለው ጥያቄ አዋጁ መልስ የለውም፤ ሸክሙም በየቤቱ ይቀራል።

በእኛም ቤት እንደ ብዙው ቤት ሆነ። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ፣ አራሷን ጠብቃ፣ ክርስትናውን አይታ፣ የራስዋ ቤትና ከብት ስለሚጠብቃት ተመለሰች፤ ደላላው ያመጣልን ሠራተኛም ከተማውን በለመደች ጊዜ የተሻለ ደመወዝ ወዳገኘችበት ሄደች። አልፈርድባትም፤ ባለቤቴን በ120 ቀን የሚጠብቃት ያው አዋጅ የቤት ሠራተኛን ውል ለሌላ ደንብ ትቶ እርስዋን ከጥላው ውጭ አድርጓታልና። እንግዲህ አንዲቱ ሴት ወደ ሥራዋ የምትመለሰው፣ ሌላይቱ ያለ አዋጁ ከለላ ልጅዋን ስትይዝላት ነው። ወደ ግል የሕፃናት ማቆያ ብንሄድ፣ የወር ክፍያው ከባለቤቴ ደመወዝ እኩሌታ በላይ፣ በሩም የሚዘጋው እርስዋ ገና ሜክሲኮ የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለች ሆኖ አገኘነው።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዟል። ከእነዚህ አንዱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፍራሽ የተነጠፈበት፣ ጥግ ላይ ትንሽ ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ነው፣ በማቀዝቀዣውም ውስጥ የእናት ወተት የያዙ ጡጦዎች በፕላስተር ላይ ስም ተጽፎባቸው ይደረደራሉ፤ በአራት ሰዓት ሻይ ዕረፍት እናቶች ወርደው ያጠባሉ። ያማረ ሥራ ነው። ሆኖም ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ሕፃን ታቅፎ በማለዳው ብርድ አውቶቡስ መጋፋት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ፣ ማቆያው ከቢሮ ይልቅ ከቤት አጠገብ ቢሆን ይመርጣል፤ በሌላም በኩል ለልብስ ሰፊዋ፣ ለሱቅ ሠራተኛዋ፣ ለጉሊት ነጋዴዋ ያ ክፍል ከቶ አልተሠራም።

ከተማችን አቅም የላትም እንዳይባል፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ታበላለች፤ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። የጎደለው የቦታ ምርጫው ይመስለኛል። አባቶቻችን ልጆቻቸውን ፊደል ለማስቆጠር ሲልኩ የኔታ የሚገኙት በአጥቢያው ደብር ጥላ ሥር ነበር፤ በደርግ ዘመንም ቀበሌዎች የከፈቷቸው መዋዕለ ሕፃናት በሠፈር መካከል የሚገኙ፣ እናት በእግርዋ አድርሳ የምትመለስባቸው ነበሩ። ዛሬም በየኮንዶሚኒየሙ እንጀራ ለመጋገር፣ ልብስ ለማጠብና በግ ለማረድ ተብለው የተሠሩ የጋራ መገልገያ ቤቶች አሉ፤ ከእነርሱም ስንቱ ለግለሰብ ተከራይቶ መጋዘን ወይም ግሮሰሪ ሆኗል! የግል ማቆያ ዋጋ የሚንረው በአብዛኛው በቤት ኪራይና በሞግዚቶች ደመወዝ ነውና፣ ወረዳው ቤቱን ያለ ኪራይ ቢሰጥ፣ ውኃና መጸዳጃውን ቢያድስ፣ ጽዳቱን ቢቆጣጠር፣ ወላጆች ደግሞ እንደ ገቢያቸው የሞግዚቶቹን ደመወዝ ቢያዋጡ፣ ክፍያው የሁለት ደመወዝተኞች ቤት በሚችለው ልክ ይወርዳል። ሞግዚቶቹም የጽሑፍ ውል ይኑራቸው፤ የእኛን ሸክም በሌላ ድሀ ጫንቃ ላይ ካዛወርነው ምኑን ተሻለን?

በእኛ ሠፈር የጋራው ቤት የኪራይ ውል በሰኔ ያበቃል። የነዋሪዎቹ ማኅበር ውሉን ከማደሱ በፊት ለወረዳው የሚቀርብ ማመልከቻ አዘጋጅተናል፤ የአባወራና የእማወራ ፊርማ እየተሰበሰበ ነው፣ ወረቀቱም ጥበቃው ቤት አለ። ልጆቻችሁ ያደጉላችሁም ብትፈርሙ ደስ ይለናል።