ሄልሜቱ ክንድ ላይ ምን ይሠራል?

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። "ቅርብ ነው" እያልን ሄልሜቱን ክንዳችን ላይ አንጠልጥለን በሞተር እንበራለን።

ሄልሜት በሞተር አደጋ የመሞት ዕድልን በ42%፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69% እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ። ግን ማሰሪያው አገጭ ሥር ካልታሰረ ስትወድቁ ሊወልቅ ይችላል። ከኋላ ለሚቀመጠውም ያስፈልጋል።

"የስልጠናና የመንጃ ፈቃዱ ወጪ ከበደን" ትላላችሁ፤ እውነት ነው። ግን ሲቲ ስካኑን፣ ቀዶ ጥገናውንና ያለ ሥራ የሚታለፉትን ወራት ደምሩና አወዳድሩ።

አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ወድቆ "ደህና ነኝ" ያለ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው "ይተኛ፣ ይለፍለታል" አትበሉ። ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።

ለሞተረኛ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።