የካላዛር ምርመራ ውጤትና የአሽከርካሪዎች የጤና ማረጋገጫ

ከጎንደር በገንዳ ውኃ በኩል መተማ ዮሐንስ በሚያደርሰው መንገድ የሚሠራ፣ ሌሊቱን ደጅ የሚያድር አሽከርካሪ ካላዛርን ለምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ይጋለጣል። እንዲህ ያለው ሰው ታክሞ ከዳነ በኋላ፣ በሕመሙ ወቅት ጊዜው ያለፈበትን መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ ሲመጣ የመርማሪው ጥያቄ «ታሞ ነበርን?» ሳይሆን «ዛሬ ያለ አደጋ ማሽከርከር ይችላልን?» መሆን አለበት።

አርኬ 39 የተባለው ፈጣን ምርመራ የሚለየው ፀረ እንግዳ አካልን እንጂ ተውሳኩን አይደለም። ፀረ እንግዳ አካሉ ከፈውስ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ስለሚቆይ፣ ውጤቱ ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻ በሽታው ማገርሸቱን አያረጋግጥም። ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥና የክብደት መቀነስ ተመልሰው ከታዩ ግን ከጣፊያ ወይም ከአጥንት መቅኔ በሚወሰድ ናሙና ተውሳኩን መፈለግ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ለምሥራቅ አፍሪካ ከመከረው የ17 ቀን ሕክምና መድኃኒቶች ፓሮሞማይሲን መስማትን፣ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ደግሞ የልብ ምትን ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ ከዕይታ ምርመራ ጋር የመስማት ችሎታ ይመርመር፤ ራሱን ስቶ የሚያውቅ ከሆነም ኢሲጂ ይነሣ።

የውጤቱ ትርጉም በምስክር ወረቀቱ ላይ በግልጽ ካልሰፈረ፣ የዳነ ሰው በደሙ በቀረ የበሽታ አሻራ ብቻ እንጀራውን ሊያጣ ይችላል።